ከፒትስበርግ እስከ ዋሽንግተን በብስክሌት፦ ለመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ፤ ከ«ጣና ዳር»

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባሕር ዳር ባደግሁበት ጊዜ ብስክሌት የዕለት መጓጓዣዬ ስለ ነበረ እዚህም ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው፤ ነገር ግን ዕቃ ጭኜ፣ ማታ ማታ በየከተማው እያደርሁ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። ዘንድሮ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ከአክስቴ ልጅ ጋር ከፒትስበርግ እስከ ዋሽንግተን የሚዘልቀውን፣ መኪና የማይገባበትን መንገድ ለመሄድ ተስማምተናል። እስከ ኩምበርላንድ ያለው፣ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባለው የቀድሞ የባቡር ሐዲድ መሥመር 150 ማይል፣ ከዚያ እስከ ጆርጅታውን ያለው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳርቻ ደግሞ 184.5 ማይል መሆኑን፣ በድምሩም ወደ 540 ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ አንብቤአለሁ።

የአክስቴ ልጅ ወጣትና ጠንካራ በመሆኑ «መንገዱ ሜዳ ነው፤ በቀን ሰባ ማይል እየሄድን በአምስት ቀን እንጨርሰዋለን» ይላል። እኔ ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ስለ ሆነ በዚህ አሳብ ልቤ አላረፈም። ብስክሌቴ ለከተማ መንገድ የተሠራ፣ የኋላ መጫኛ ያለው፣ የጎማው ስፋት 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው፤ ይህ ይበቃል ወይስ ሌላ መግዛት ይኖርብኛል? ድንኳን ይዞ ከመሄድና ክፍል እየተከራዩ ከመሄድ የትኛው ይሻላል? ረቡዕና ዓርብ የምጾም በመሆኔ በትንንሾቹ ከተሞች የጾም ምግብ ማግኘቱስ እንዴት ነው? መንገዱን የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፤ ከ«ቦይ ዳር»

ወንድሜ፣ የአክስትዎ ልጅ «ሜዳ ነው» ማለቱ እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበትን ድምዳሜ ግን አልቀበለውም። ከፒትስበርግ እስከ ውኃ መለያው ጫፍ፣ ማለት ወንዞች ወደ ሁለት አቅጣጫ እስከሚለያዩበት ከፍታ ድረስ መንገዱ 125 ማይል ያህል ተጉዞ ከፍ የሚለው 500 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ዳገቱ ከመቶ አንድ እጅ ስለማይሞላ እግር ይሰማው ይሆናል እንጂ ዓይን አያየውም። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 729 ሜትር ነው። ከዚያ እስከ ኩምበርላንድ ያለው 24 ማይል ግን እውነተኛ ቁልቁለት ነው፤ ከዋሽንግተን ተነሥተው የሚሄዱ ሰዎች ይህንኑ እንደ ዳገት ይወጡታል። ስለዚህ ከፒትስበርግ ለመጀመር መወሰናችሁ ጥሩ ነው፤ በዚያ ላይ በየቀኑ ወደ ቤታችሁ እየቀረባችሁ ትሄዳላችሁ።

ሜዳነቱ የራሱ ጣጣ አለው። ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቅበት መንገድ ሰው ሲወጣ ከኮርቻው ይነሣል፣ ሲወርድ እግሩን ያሳርፋል፤ ጀርባውና እጁም ሳያስበው ቦታ ይለውጣሉ። በቦዩ ዳርቻ 184 ማይል ተኩል ሙሉ የሚወርደው 605 ጫማ ብቻ ስለ ሆነ ፔዳል መምታት ባቆሙ ቁጥር ብስክሌቱም ወዲያው ይቆማል። ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ አቀማመጥ፣ ያውም በአፈርና በደቃቅ ጠጠር ላይ እየተንቀጠቀጡ መሄድ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ቀድመው የሚያማርሩት መቀመጫ፣ መዳፍና አንገት ናቸው፤ እግር ዘግይቶ ነው የሚደክመው። ስለዚህ መሪውን ከኮርቻው እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያድርጉት፤ በመሪው ጫፍና ጫፍ ላይ የእጅ አያያዝ የሚያስለውጥ ተጨማሪ መያዣ ያስገጥሙ፤ በየሩብ ሰዓቱ ሳይደክምዎት በፊት ፔዳሉ ላይ ቆመው ትንሽ ይሂዱ። ንጣፍ ያለው የብስክሌት ቁምጣና መፋተግን የሚከላከል ቅባት ቅንጦት እንዳይመስልዎት።

ስለ ርቀቱ፣ ዕቃ የጫነ ሰው በቦይ ዳር በሰዓት ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ማይል ከሄደ ደህና ሄዷል። ሰባ ማይል ማለት እንግዲህ ምሳ፣ ውኃ መቅዳት፣ ፎቶ ማንሣትና ጎማ መለጠፍ ሳይቆጠር ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ኮርቻ ላይ መዋል ነው፤ በዚያ ወቅት ደግሞ የቀኑ ብርሃን ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በታች እያጠረ ይሄዳል። ሰባት ወይም ስምንት ቀን ብትይዙለት በአማካይ ከአርባ እስከ ሃምሳ ማይል ይደርሳችኋል። የመጀመሪያውን ቀን ከሁሉ አሳጥሩት።

ከመሄዳችሁ በፊት ልምምድ ያስፈልጋል። ከአርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል የሚደርሰው 45 ማይል አስፋልት ለዚህ የተመቸ ነው። ልክ ለጉዞው እንደሚጭኑት ጭነው፣ በቅዳሜና በእሑድ ተከታትለው ይውጡ። ፈተናው በእሑድ ጠዋት ያንኑ ኮርቻ ላይ እንደገና መቀመጥ መቻል ነው፤ የቅዳሜውን ማንም ይወጣዋል።

መልስ፤ ከ«ቸርኬ»

በብስክሌት ጥገና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። አዲስ ብስክሌት መግዛት አያስፈልግዎትም። በ32 ሚሊ ሜትር ጎማ የባቡሩን መሥመር በደንብ ይሄዱበታል፤ የቦዩ ዳርቻ ግን ዝናብ ሲዘንብበት የሸክላ ጭቃ የሚሆንባቸው፣ የዛፍ ሥር የሚያቋርጣቸው ቦታዎች ስላሉት ከ38 እስከ 42 ሚሊ ሜትር ያለው የተሻለ ነው። ከመግዛትዎ በፊት በጎማውና በብስክሌቱ አጥንት፣ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ጭቃው ይጠቀጠቅና ቸርኬውን ይይዘዋል። በጎማው ጎን የተጻፈው ከፍተኛ የአየር መጠን የመጨረሻው ወሰን እንጂ መሙያው ልክ አይደለም፤ ከዚያ ዝቅ አድርገው፣ ሸክም የሚያርፍበትን የኋላውን ከፊተኛው ጠንከር አድርገው ይንፉት።

በጭነት ጉዞ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የኋላው ቸርኬ ነው። ሽቦዎቹ፣ በተለይ በማርሹ በኩል ያሉት፣ በከተማ ለዓመታት ደህና ቆይተው ዐሥራ አምስት ኪሎ ሲጫንባቸው መበጠስ ይጀምራሉ። ቸርኬውን ለባለሙያ ሰጥተው የሽቦዎቹን ውጥረት ያስተካክሉ፤ ልካቸው የሆነ ሁለት ሦስት መለዋወጫ ሽቦም ከብስክሌቱ አጥንት ጋር አስረው ይያዙ፤ ትክክለኛው ርዝመት በትንሽ ከተማ ላይገኝ ይችላል። የፍሬን ሸራው ካለቀ ወይም ሊያልቅ ከተቃረበ አስቀድመው ያስለውጡት፤ እርጥብ አሸዋ ከሃያ አራቱ ማይል ቁልቁለት ጋር ሲደመር የሳሳ ሸራ ይጨርሳል። ማንኛውንም አዲስ ዕቃ በመነሻው ዋዜማ አያስገጥሙ፤ ኮርቻም ይሁን ካቴና ቢያንስ በልምምዱ ጉዞ ይፈተን።

ከመሣሪያ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ መንፊያ፣ የብስክሌትዎን ብሎኖች ሁሉ የሚፈታ የቁልፍ ስብስብ፣ የካቴና መፍቻና ከማርሽዎ ቁጥር ጋር የሚስማማ ማያያዣ ይበቃል። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ የመዳፍ ያህል ቁራጭም ይያዙ፤ የውጭው ጎማ ጎኑ ቢቀደድ ከውስጥ ደግፎ ቀጣዩ ከተማ ያደርስዎታል። የመጫኛው ብሎኖች በንቅጥቅጡ ስለሚላሉ ጠዋት ጠዋት በእጅ ይፈትሿቸው። በጀርባ ቦርሳ ተሸክመው አይሂዱ፤ ክብደቱ ሁሉ በመጨረሻ ኮርቻው ላይ ነው የሚያርፈው፤ «ቦይ ዳር» የጠቀሱትን የመቀመጫ ሕመም እጥፍ ያደርገዋል። ከባዱን ዕቃ በጎን ቦርሳዎቹ ታች ያድርጉት። ክፍል እየተከራያችሁ ብትሄዱ ግን ሸክሙ በግማሽ ስለሚቀንስ እኔ የምመክረው ያንን ነው።

መልስ፤ ከ«ፍሬድሪክ ነዋሪ»

ከላይ የተሰጠውን ምክር አከብራለሁ፤ በማደሪያው ጉዳይ ግን «ቸርኬ» ከሚሉት እለያለሁ። በባቡሩ መሥመር በኩል እንደ ኮነልስቪል፣ ኦሃይፓይል፣ ኮንፍሉዌንስና ሜየርስዴል ያሉ ከተሞች ስለሚከታተሉ ክፍል እየተከራዩ መሄድ ይቻላል፤ የቅጠሉ መልክ በሚለወጥበት በጥቅምት ቅዳሜና እሑድ ግን አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። በቦዩ ዳርቻ ሁኔታው ሌላ ነው። ቦዩን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ፓርክ ለእግረኞችና ለብስክሌት ተጓዦች ያዘጋጃቸው ማደሪያዎች በየጥቂት ማይሉ አሉ፤ ክፍያ የለባቸውም፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዛቸዋል፤ በአንዱ ቦታ ከአንድ ሌሊት በላይ አይታደርም። ጠረጴዛ፣ የእሳት ማንደጃ፣ መጸዳጃና በእጅ የሚሳብ የውኃ ፓምፕ አላቸው። ድንኳን የያዘ ሰው ሲደክመው ያድራል፤ ክፍል የተከራየ ሰው ግን ዝናብ ቢጥልም ጎማ ቢፈነዳም ወደ ከፈለበት አልጋ መድረስ አለበት። ለጀማሪ ይህ ነጻነት ከሁለት ከሦስት ኪሎ ሸክም ይበልጣል። የጆሮ መድፈኛ አትርሱ፤ የጭነት ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ቦዩን ተከትሎ በሚወርደው በፖቶማክ ወንዝ ዳር እየጮኸ ያልፋል።

ስለ ውኃና ምግብ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ከኩምበርላንድ እስከ ሃንኮክ ያለው ስድሳ ማይል ነው። በዚያ መካከል ሱቅ እምብዛም የለም፤ ስልክም በብዙ ቦታ አይሠራም። ፓምፖቹ በብርዱ ወራት ይዘጋሉ፤ በእናንተ ጊዜ ክፍት ቢሆኑም ውኃው በምርመራ ካላለፈ የአንዱ ወይም የሌላው እጀታ ሊነሣ ስለሚችል ቀጣዩን ፓምፕ ተማምኖ ባዶ ጠርሙስ ይዞ መሄድ አይገባም። እያንዳንዳችሁ ቢያንስ ሦስት ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይኑራችሁ።

የጾሙ ነገር እኛ ከማንም የምንሻልበት ነው። በሶ ከተበጠበጠ ምድጃ የማይፈልግ፣ የማይበላሽ፣ ለጉልበት የሚሆን ስንቅ ነው፤ በጨውና በጥቂት ስኳር አድርገው ጠዋት ቢጠጡት እስከ እኩለ ቀን ይይዝዎታል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በመሪው ላይ ባለች ትንሽ ቦርሳ ይሁንና በየግማሽ ሰዓቱ ይቆረጠም፤ ረኃብ እስኪሰማ መጠበቅ አይበጅም። ከመንገድ ሱቅ ዳቦ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ሙዝና የታሸገ ባቄላ ይገኛል። ሆኖም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህልና ከውኃ የሚከለከሉ ከሆነ ያንን ከስድስት ሰዓት ብስክሌት ጋር አያጣምሩት፤ ወይ የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ፣ ወይም ረቡዕንና ዓርብን የዕረፍት ወይም የአጭር መንገድ ቀን ያድርጓቸው።

ማታ ማታ ከጉልበት ጀርባና ከካልሲ ጠርዝ ላይ መዥገር ይፈልጉ፤ በዚህ አገር መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዘን አይቪም አይንኩ፤ ብስክሌትዎንም አያስደግፉበት።

ከ«ጣና ዳር»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ለአክስቴ ልጅ አንብቤለት ከአምስት ቀን ወደ ሰባት ቀን ዝቅ ብሏል፤ ማለቴ ከፍ ብሏል። እስከ ኩምበርላንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከዚያ ወዲህ በድንኳን ለማደር፣ ድንኳኑንም አንድ ለሁለት ለመያዝ ተስማምተናል። የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው፤ ብስክሌቱን ይዘን ፒትስበርግ የምንደርሰው እንዴት ነው? ስለ ዋሻዎቹ የሚወራውስ ያስፈራል ወይ?

መልስ፤ ከ«ቦይ ዳር»

ከዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ በአምትራክ ባቡር መሄድ ይቻላል፤ ቀድሞ ካፒቶል ሊሚትድ ይባል የነበረው ከ2024 ኅዳር ወዲህ ፍሎሪዲያን ተብሏል። ለብስክሌት ያለው ቦታ ጥቂት ስለ ሆነ ለሰውየው ብቻ ሳይሆን ለብስክሌቱም ጭምር ትኬት ቀድሞ መያዝ አለበት። ፒትስበርግ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይዘገያል፤ ስለዚህ ለዚያች ሌሊት ከጣቢያው አጠገብ ክፍል ያዙ። የጎን ቦርሳዎቹን ጣቢያ ስትደርሱ አውርዳችሁ፣ በአንድ እጅ እንዲያዙ አንድ ላይ እሰሯቸው።

ከውኃ መለያው ጫፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው የቢግ ሳቬጅ ዋሻ አንድ ኪሎ ሜትር ቢረዝምም መብራት ስላለው ችግር የለበትም፤ የሚዘጋው በብርዱ ወራት ነው። ከኩምበርላንድ በኋላ የምታገኙት የፓው ፓው ዋሻ ግን 950 ሜትር ሙሉ መብራት የለውም፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ መሬቱም ጎድጓዳ ነው። የፊት መብራት አብርታችሁ፣ ከብስክሌት ወርዳችሁ በእግር እለፉ።

ከዋሻው በኋላ ዝናብ ከያዛችሁ በቦዩ ጭቃ አትታገሉ። ከሊትል ኦርሊንስ ጀምሮ ሃንኮክን አልፎ የሚሄድ፣ ከቦዩ ጋር ጎን ለጎን የተዘረጋ 28 ማይል የአስፋልት የብስክሌት መንገድ አለ፤ ወደዚያ ተሻገሩ። ሐርፐርስ ፌሪ ከተማ ለመግባት ከፈለጋችሁም የእግረኛው ድልድይ መወጣጫ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ስለ ሆነ ቦርሳዎቹን አውርዳችሁ ብስክሌቱን በትከሻ ማውጣት ይኖርባችኋል፤ ወይም አንዳችሁ ከታች እየጠበቃችሁ ተራ በተራ ውጡ።