«እግዜር ይማርዎት» ሲባል ታማሚዋ ምን አጥፍተው ነው?

ቃል ለቃሚ፦
ባለፈው እሁድ የታመሙ አክስቴን ልንጠይቅ ብርቱካን ይዘን ሄድን። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ የ9 ዓመት የእህቴ ልጅ አብሮን ነበር። የገባው ሁሉ ገና ከበሩ «እግዜር ይማርዎት» ይላል። ልጁ ጠጋ ብሎ «ምን አጥፍታ ነው?» አለኝ። ለእሱ ማረ ማለት ይቅር አለ ነው፣ በቃ። ሳቅን። ማታ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እውነትም፣ ለምን «ይፈውስዎት» አንልም?

የአባ ልጅ፦
ልጁ ጎበዝ ነው። ከበሽታ የተነሳ ሰው «እግዜር ማረኝ» ይላል፤ ከየትኛው ኃጢአት ብሎ የሚጠይቀው የለም። ላነጠሰ «ይማርህ» ነው፣ መልሱ «ያኑርህ»። ሲሞትም «ነፍስ ይማር»። ከማስነጠስ እስከ መቃብር አንድ ግሥ!
የተማሪው «ተማረ» ግን ሌላ ነው። እሱ ከግዕዙ መሀረ (አስተማረ) ነው፣ በሃሌታው ሀ። ምሕረት ደግሞ ከመሐረ፣ በሐመሩ ሐ። አማርኛ ሁለቱንም ውጦ አንድ አደረጋቸው። ስለዚህ «ልጁ ተማረ» ስትል ትምህርት ቤት ገብቶ ይሁን ከቅጣት ተርፎ የሚለየው በወሬው ነው።

ሰምና ወርቅ፦
ዳነንም አትርሱ። ደኅና፣ መድኃኒት፣ መድን፣ መድኃኔ ዓለም፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጎረቤቴ ጴንጤ ናት። አንድ ቀን በር ላይ ይዛኝ «ድነሃል?» አለችኝ። «አዎ፣ ተመስገን፣ ታይፎይዱ ለቀቀኝ» አልኳት። ቀልድ አልነበረም፣ የምሬን ነው።
ግን እኮ ወንጌሉም እንደዚያው ነው። ማርቆስ 5 ላይ ደም ሲፈስሳት 12 ዓመት የኖረችው ሴት «እምነትሽ አድኖሻል» ተብላለች። ሉቃስ 7 ላይ እግሩን በእንባዋ ያራሰችው ኃጢአተኛም «እምነትሽ አድኖሻል» ነው የተባለችው። አንዷ ከበሽታ፣ አንዷ ከኃጢአት። ቃሉ ግን ያው።

ባለ መዝገቡ፦
እኔን የሚገርመኝ ሰረየ ነው፣ ኃጢአትን ይቅር አለ የሚለው። ማርቆስ 2 ላይ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ ሕዝቡ ቢበዛባቸው ጣራ ነድለው አወረዱት። ሰውየው የመጣው ለእግሩ ነው። መጀመሪያ የሰማው ግን «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» የሚል ነው። እኔ ብሆን ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አልጋውን ተሸክሞ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።
አሁን ግዕዙን እዩ። ሐኪም ዐቃቤ ሥራይ ይባላል። ሥራይ መድኃኒትም ነው፣ አስማትም፣ መርዝም። በአማርኛ ክፉው ብቻ ቀረልንና ዛሬ «ሥራይ አደረጉበት» ሲባል ሰው ያማትባል። ስርየትና ሥራይ ግን በፊደል ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ልብ በሉ።

ቃል ለቃሚ፦
ይሄማ ልጁን ትክክል ሊያደርገው ነው። የታመመ ሁሉ አጥፍቷል ልንል ነው እንዴ? አክስቴ ይህን ቢሰሙ በምርኩዛቸው ነው የሚሉኝ።

የአባ ልጅ፦
ኧረ በፍጹም። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱም ስለ ዕውሩ ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት ብለው። መልሱ እሱም አይደለም፣ ወላጆቹም አይደሉም ነው።
በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የሚፈጸመው ምሥጢረ ቀንዲል አለ፣ በዘይት የሚቀባበት። መነሻው ያዕቆብ 5 ነው። ቁጥር 15ን ቀስ ብለህ አንብበው፦ «የእምነትም ጸሎት ድውዩን ያድናል ጌታም ያስነሣዋል፤ ኃጢአትንም ሠርቶ እንደ ሆነ ይሰረይለታል»። ማዳኑ ያለ ቅድመ ሁኔታ ነው የተነገረው። ስርየቱ ላይ ስትደርስ ነው «ሠርቶ እንደ ሆነ» የምትለው የገባችው። አክስትህን ማንም አልከሰሳቸውም።

ሰምና ወርቅ፦
«እንደ ሆነ» አዳነቻቸው በለኛ።

ቃል ለቃሚ፦
ለልጁ ነገርኩት። «እሺ» አለ፣ ብዙም የገባው አልመሰለኝም። ትናንት ማታ ሳስነጥስ «ይማርህ» አለኝና ትንሽ ቆይቶ «አጥፍተህ ከሆነም» ብሎ ጨመረበት። ያኑርህ ብዬ አለፍኩ።