የሴሽን ውስጡን እንዴት ነው የማየው?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ በፒኤችፒ (የዌብ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) በምሠራው ሳይት ላይ ሰው ሎጊን ያደርጋል፣ ቀጣዩ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ሴሽኑ፣ ማለትም ሰርቨሩ ስለ ሰውየው ከገጽ ገጽ የሚያስታውሰው መረጃ፣ ባዶ ነው። ውስጡ ያለውን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። የፒኤችፒን ቅንብር ሁሉ የሚዘረዝረው የፒኤችፒ ኢንፎ ገጽ ደግሞ ብዛቱ ራስ ያዞራል።

መልስ 1፦ መጀመሪያ ሴሽን የሚከፍተው ትዕዛዝ፣ ሴሽን ስታርት፣ ሁለቱም ገጽ ላይ፣ ምንም ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት መጠራቱን እይ። ከዚያ የሴሽኑን መለያ ሁለቱም ጋ አሳትመው። ከተለያየ ጣጣው ኩኪው (መለያውን ይዞ ብሮውዘሩ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ መረጃ) ጋ ነው፣ ብሮውዘሩ መልሶ አይልከውም ማለት ነው። አንድ ዓይነት ከሆነ ሴሽኑ የሚቀመጥበትን ፎልደር ፈትሽ፣ ሰርቨሩ እዚያ የመጻፍ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል።

መልስ 2፦ ኢንፎውን ሁሉ ማንበብ አይጠበቅብህም። የተጫነው የማዋቀሪያ ፋይል የቱ እንደሆነ የሚለውን መስመርና የሴሽን ክፍሉን ብቻ እይ። ብዙ ሰው የሚያስተካክለው ፋይል ሌላ፣ ሰርቨሩ የሚያነበው ሌላ ነው፤ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የምታየውም ከዌቡ ሊለይ ይችላል። የሴሽኑ የቆይታ ጊዜ ካልተነካ 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው።

መልስ 3፦ ስትጨርስ የኢንፎውን ገጽ አጥፋው በናትህ! የዳታቤዝ ፓስወርድህ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ለፕሮግራሙ ከውጭ የሚሰጥ የቅንብር እሴት) ውስጥ ካለ እዚያው ተዘርግፎ ሊታይ ይችላል።

ጠያቂ፦ መለያው ይለያያል! አንዱ ገጽ በዳብልዩ ዳብልዩ ዳብልዩ፣ ሌላው ያለሱ ነው የሚከፈተው። ኩኪው ለካ ለዚህ ነው የማይሻገረው።