ባሕር ዳር ውስጥ የሚኖረው ማን ሊሆን ነው?

የመንቆረር ልጅ፦

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። የተማርኩት ባሕር ዳር፣ ፖሊ ቴክኒክ። አሁን በመምህርነት ወደዚያው ተዛውሬ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ልገባ ቤት እያፈላለግሁ ነው። ደላላው ያሳየኝ ሁሉ ወይ የደመወዜን ግማሽ ጠራርጎ የሚወስድ ነው፣ ወይ ከከተማው ወጥቶ ዘንዘልማ ወይም መሸንቲ መንገድ ላይ ነው።

ኪራዩ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ከተማዋን ሳያት ሌላ ሰው የሆነች መሰለኝ። ተማሪ እያለን ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ወርደን ቀረሶ ዓሣ በዳቦ በልተን ዛፍ ስር ስንቀመጥ ማንም ምን አዘዛችሁ አይለንም ነበር። ያኔ ብስክሌት የሚነዳው ተማሪ ብቻ አልነበረም፤ የቢሮ ኃላፊውም የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛውም ይነዳ ነበር፣ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ብስክሌታቸውን አስደግፈው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ታያለህ። አሁን ሐይቁን በደንብ ለማየት ካፌ ገብተህ ማዘዝ ያለብህ ቦታ ብዙ ነው። የኮሪደር ሥራው የከፈተው መሄጃ አለ፣ ያ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ዘንባባዎቹም አሉ። ሰዉ ግን ተለይቷል፤ ያለው ለብቻ፣ የሌለው ለብቻ።

ኑሮ ተወደደ የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እሱን አይደለም የምጠይቀው። ሀብት ሲገባ የከተማ ጠባይ የሚለወጠው እንዴት ነው? ከየት ይጀምራል? ከተለወጠስ ይመለሳል? ባሕር ዳር ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ውጭም ያላችሁ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ።


የሽምብጥ ልጅ፦

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። ከየት ይጀምራል ላልከው፣ ከግቢ ነው የሚጀምረው።

እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የነበረን ግቢ ሰፊ ነበር። ማንጎና ዘይቱን ነበረው። ከጀርባ ሰርቢሶች ነበሩ፤ አንዱን ሁለት መምህራን ተጋርተው፣ አንዱን የጤና ጣቢያ ነርስ፣ አንዱን ጨርቃ ጨርቅ በፈረቃ የሚሠራ አባወራ ከነቤተሰቡ፣ መጨረሻ ያለችውን ትንሿን ክፍል አምባሻ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት ከልጇ ጋር። ቧንቧው አንድ ነው። ቡናው ተራ በተራ ነው። እናቴ ኪራይ ለመጨመር ስታስብ ሳምንት ሙሉ ታመነታለች፣ ምክንያቱም ነገ ጠዋት እዚያችው ሴት ቤት ቡና ተጠርታለች። ኪራዩን ዝቅ አድርጎ የያዘው ይሉኝታ ነበር እንጂ ሕግ አልነበረም።

አባቴ ሲያርፍ ውርስ መጣ። አንድ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ አንዷ እህቴ ውጭ። ቦታው ለሁላችን ቢሸነሸን ለማንም አይሆን። ተሸጠ። የገዛው ሰው እዚህ ከተማ አይኖርም፣ ፊቱን ያየሁት ውል ስንፈራረም ብቻ ነው። ማንጎው ተቆረጠ፣ ጂ ፕላስ ፎር ቆመ፣ ከታች ሱቅ፣ ከላይ እንግዳ ማረፊያ። አሁን ተከራዮቹ የሚያውቁት ደላላውን ነው። ደላላ ደግሞ ይሉኝታ የሚይዘው ለምንድነው፣ የሚያገኘው ከኪራዩ ላይ ተቆርጦ ነው፤ ኪራዩ ሲጨምር የእሱም ይጨምራል። በመንገዳችን ላይ ከዚያ ወዲህ በዚሁ አኳኋን የሄደው ግቢ ብዙ ነው።

ከሁሉ የከፋው እድራችን ላይ የደረሰው ነው። ድንኳን የሚተከለው እንደኛ ያለ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። አሁን አስፋልት ዳር ነው የምንተክለው፣ መኪና እየተጠነቀቅን። ተከራይ ደግሞ በየዓመቱ እየተነሳ በሄደበት ሁሉ መግቢያ መክፈል ስለማይችል መመዝገብ ተወ። በዝርዝሩ ላይ የቀሩት ባለቤቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ለቅሶም ሆነ ሰርግ በግቢው ውስጥ እንደማይቻል የሚደነግግ የኪራይ ውል በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው እናቱ ብትሞት የት ይቀመጥ? የከተማ ጠባይ ተለወጠ ስትል እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው።


አያ ደጀን፦

እህቴ ያልሽው ልብ ይነካል። ግን አንድ ነገር ልናገር፣ አትቀየሙኝ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር የገባሁት ግንበኛ ሆኜ ነው። እንደዚያ ያለ ጂ ፕላስ ፎር ላይ ብሎኬት ተሸክሜ ነው ታናናሾቼን ያስተማርኩት። ድሮ እንዲህ ነበረች የምትሏት ከተማ የመንግሥት ሠራተኛና የተማሪ ከተማ ነበረች። ለእኛ ለገጠር ሰዎች ቦታ አልነበራትም፤ ጠላ ቤት ገብተን ከመውጣት በስተቀር። ሕንፃ ሲበዛ ነው ሥራ የተገኘው። ሆቴል ሲከፈት ነው የሰፈሬ ልጆች አስተናጋጅ የሆኑት። ሀብት ባይገባ ይሻል ነበር የሚል ካለ እኔ አልስማማም።

ደግሞ ኪራይን ያስወደደው ባለሀብት ብቻ አይደለም። ሰላም ሲታጣ ከየወረዳው ልጁን ይዞ ወደ ከተማ የገባው ስንት ነው? እሱም ክፍል ይፈልጋል። ይውጣ ልንለው ነው? የምኖረው ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተካፍዬ ነው፣ ዳር ላይ። ጠዋት ወደ መሀል ለመግባት ባጃጅ ከቀን ሥራዬ ላይ ይቆርጣል። ስለዚህ የኪራዩ ነገር አይገባህም አትበሉኝ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የጤፉ ዋጋ። ጤፉ የእኛ ነው፣ ከቢቸናና ከደጀን ተጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ይራገፋል። የዚያ ቀን ዋጋ በስልክ ወዲያው ይመለሳል፤ የደብረ ማርቆስ ሴት ከአጠገቧ የተወቃውን ጤፍ በአዲስ አበባ ዋጋ ትገዛለች፣ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ደግሞ ገና ከአውድማ ሳይነሳ ቸኩሎ ሸጦታል። የትልቅ ከተማ ገንዘብ የሚለውጠው የራሱን ሰፈር ብቻ አይደለም፤ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ እኛ ማዕድ ላይ ይደርሳል።


ጣና ዳር፦

በአጭሩ። ስለ ባሕር ዳር ሲወራ ሁሌ የሚዘለሉ ሰዎች አሉ፤ ነገደ ወይጦ። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፣ ዓሣ የሚያወጡት፣ ሐይቁን ከማናችንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከተማዋ በንጉሡ ዘመን በጀርመኖች ፕላን ስትወጣም፣ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ሲተከልም፣ በኋላ ሆቴል ሲበዛም፣ ከሐይቁ ዳር በየጊዜው እንዲነሱ ሲደረጉ ኖረዋል። ደንገሉም አብሮ ተመናምኗል። ለቱሪስት ሱቅ ትንንሽ የታንኳ ምስል ይሸጣል፣ ታንኳ ሠሪው ግን የት ይደር ብሎ የጠየቀ የለም። የሽምብጧ እህቴ፣ ከግቢ ጀመረ ያልሽው ለእኛ ነው። ለእነሱ ቀደም ብሏል።


የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ፦

የማርቆስ ልጅ፣ የአገሬ ልጅ ነህ፣ ስለዚህ ሳልጽፍ አላልፍም። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ያየሁትን ልንገርህ።

የእኛ ሰዎች በፈረንጅ 1980ዎቹ ምግብ ቤት የከፈቱት አዳምስ ሞርጋን 18ኛ ጎዳና ላይ ነበር። ኪራይ ሲጨምርባቸው ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛ ጎዳና ወረዱ። ያ ሰፈር ለምን ርካሽ ሆኖ ጠበቃቸው? ድሮ የጥቁሮች ብሮድዌይ ይባል ነበር፤ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ ቲያትሩም ሙዚቃውም የእነሱ የሆነበት። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ረብሻው ካቃጠላቸው ሰፈሮች አንዱ እሱ ነው። ለዓመታት ባዶ ሱቅና የታሸገ መስኮት ነበር። በ1991 የሜትሮ ጣቢያ ተከፈተ። ከዚያ እኛ ገባን፣ ክትፎና ቡና ሸተተ፣ መንገዱ ማታ ማታ ሰው አገኘ፣ ወጣት ባለ ደመወዞች ሰፈሩን ወደዱት፣ አፓርታማ ተሠራ፣ ኪራይ ሰማይ ነካ። መጀመሪያ የወጡት ነባሮቹ ጥቁሮች ናቸው። ቀጥሎ ከእኛ ብዙዎቹ። አሁን ሐበሻ በብዛት የምታገኘው ከከተማዋ ወጥቶ፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግና ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው።

በ1970 ከዲሲ ሕዝብ ሰባ በመቶ ያህሉ ጥቁር ነበር። በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። የኤሊንግተን ሥዕል ዩ ስትሪት ግድግዳ ላይ በትልቁ አለ። እሁድ እሁድ ደግሞ ነባሮቹ ከሜሪላንድ መኪና ነድተው ወደ ድሮ ቤተ ክርስቲያናቸው ይመጣሉ፣ መኪና ማቆሚያ ይታገላሉ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ይመለሳሉ። ስሙና ሥዕሉ ቀርቷል፣ ሰዎቹ የእሁድ እንግዳ ሆነዋል።

ይመለሳል ወይ ላልከው፣ አንዴ የተወደደ ሰፈር ተመልሶ ሲረክስ እኔ አላየሁም። ያየሁት መዘግየት ነው። ዲሲ ውስጥ ከ1980 ጀምሮ ሕንፃ ሲሸጥ ተከራዮቹ ቀድመው የመግዛት መብት በሕግ አላቸው። ማኅበር የመሠረቱት ተጠቅመውበታል። ያልተደራጁት ገንዘብ ተቀብለው ሄዱ።


የሂሳብ ሰው፦

የእኛ አገር ነገር ከዲሲው በአንድ ነገር ይለያል። እዚህ መሬት የመንግሥት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ የቀበሌ ቤት የሚባለው መጣ። ቤቶቹ ሳይጠገኑ አረጁ፣ ያ እውነት ነው። ኪራያቸው ግን እዚህ ግባ የማይባል ስለነበር ድሃው መሀል ከተማ ውስጥ ከባለሀብቱ ቪላ ጎን ኖረ። የአዲስ አበባ ጠባይ የሚባለውም ይኸው ነበር፤ መሠረቱ ደግሞ መኳንንቱ ሰፍረው አጃቢያቸውና አገልጋያቸው ዙሪያቸውን የከተመበት የጥንቱ ሰፈር ነው። በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ጭቃ ቤት ብቻ አልፈረሰም፤ ያ አብሮ መኖርም አብሮ ፈርሷል። ሰዉ ቤት ተሰጥቶት ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ ጉሊቷ ሴት ደንበኛዋን ይዛ መሄድ አትችልም።

አሁን ቦታ በሊዝ ጨረታ ነው። በጨረታ በውድ የወሰደ ሰው ያንን ገንዘብ ከኪራይ ነው የሚያወጣው። ሌላው ብር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ባንክ ካስቀመጠው ይሟሟበታል፣ ስለዚህ ሲሚንቶ ውስጥ ይቀብረዋል። ለዚህ ነው ባዶ ሕንፃና ውድ ኪራይ ጎን ለጎን የምታየው። ባለቤቱ ተከራይ ባያገኝም አይቸኩልም፤ ሕንፃውን የሠራው ገንዘቡን ለማቆየት ነው። አያ ደጀን ሀብት ሥራ ፈጠረ ያለው ልክ ነው። ግንባታው ሲያልቅ ግን ሥራውም ያልቃል። ፋብሪካ ላይ ቢውል ኖሮ በየዓመቱ ደመወዝ ይከፍል ነበር፤ ጨርቃ ጨርቅ ለባሕር ዳር ያደረገውን አስቡት።

ወንድሜ መምህሩ፣ ላንተ የሚጠቅም አንድ ነገር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል አለ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይለፍ ይላል። የስድስት ወር አምጣ ካሉህ ይህን አንሳ። ባሕር ዳር ላይ እንዴት እየተሠራበት እንደሆነ ክፍለ ከተማው ሄደህ ጠይቅ፣ ደላላውን አትመን።


የመንቆረር ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አያ ደጀን፣ የተቀየምኩት ነገር የለም፤ ስለ ጤፉ የጻፍከውን ለባለቤቴ ሳነብላት በየሳምንቱ የምታየው ነውና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ጣና ዳር፣ ያነሳኸው ሐይቁን ከዚህ በፊት ባላየሁት በኩል እንዳየው አድርጎኛል።

የሽምብጥ እህቴ፣ ኪራዩን እንደምንም ብዬ ነው የምወጣው። እናቴ አርጅታ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ ያልሽው የእድር ነገር ስለዚህ አሳሰበኝ። ተከራይ ሆኖ፣ ያውም መሸንቲ በኩል ከገባሁ፣ እናንተ ጋ መመዝገብ ይቻላል?


የሽምብጥ ልጅ፦

ይቻላል። አምና በዚህ ጉዳይ ተከራክረን ደንቡን ቀይረናል። ተከራይ ያለ አከራይ ዋስትና፣ በሁለት ነባር አባላት ምስክርነት ይመዘገባል። ከሰፈር የተነሳም ወርሃዊውን እስከከፈለ ድረስ አባልነቱ አይሰረዝም። የራቀ ቦታ ከሆነ ድንኳኑና ወንበሩ የሚጫንበትን ባለጉዳዩ ይችላል፣ ቀባሪ ግን ከዚህ ይወጣል። አንዳንድ ሽማግሌዎች መሸንቲ ድረስ ማን ይሄዳል ብለው ተቃውመው ነበር፣ እናቴ ናት ተነስታ የተናገረቻቸው።

አንዷ ምስክር እሷ ትሆንልሃለች። ሁለተኛውን እኔ እፈልጋለሁ። ስብሰባው ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ መታወቂያህንና የቤተሰቡን ስም ዝርዝር ይዘህ ና፣ የእናትህን ስም አስቀድመህ ጻፍ።