ቤት ውስጥ እያጠኑ እንግሊዝኛ መናገር ይቻላል? ለሪሴፕሽን ሥራ ነው (ሐዋሳ)

ከታቦር ሥር

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ ታቦር ተራራ ሥር። ዕድሜዬ 36፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አንድ መካከለኛ ሆቴል ውስጥ ሀውስኪፒንግ እሠራለሁ። አንሶላ መቀየር፣ መታጠቢያ ቤት መፈተግ፣ ፎጣ ማጠፍ፣ በቃ እሱ ነው ሥራዬ። አሁን ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ከመስቀል በኋላ ልትለቅ ነው። ሥራ አስኪያጇ ጠርታኝ «እንግዳ አያያዝ ታውቂበታለሽ፤ እንግሊዝኛሽን ካስተካከልሽ ቦታው ያንቺ ነው» አለችኝ። ደሞዙ ይሻላል። ወገቤም ያርፋል።

እንግሊዝኛ ጭራሽ አላውቅም ማለት አልችልም። እስከ 10ኛ ክፍል ተምሬያለሁ። 9ኛና 10ኛ ላይ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነበር። የልጄን የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ ሳነብ ይገባኛል። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን እያልን ግሥ በሦስት ረድፍ ስንሸመድድ ነው ያደግነው፤ ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እወጣዋለሁ። ግን እንግዳ ኮሪደር ላይ አስቁሞ ሲያናግረኝ ድርቅ እላለሁ። የሚለው ሁሉ ተያይዞ አንድ ረጅም ቃል ይሆንብኛል። ወረቀት ላይ ቢጽፍልኝ እኮ እመልስለት ነበር!

ኮርስ ጠይቄያለሁ። የማታው ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ልጆቼን እራት የሚያበላልኝ የለም። ስለዚህ ያለኝ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፣ ከ3 ሰዓት ተኩል ወዲያ። የሰዋስው መጽሐፍ ገዝቼ ጀምሬያለሁ። ታላቋ ልጄ ስታየኝ ትስቃለች።

በቤት ጥናት ብቻ ሰው አፉን ፈትቶ ያውቃል? ከማን ጋር ነው የምናገረው? እስከ መስቀልስ ይደርስልኛል? የሞከራችሁ ሰዎች ንገሩኝ።

ዳታ ጨርሻለሁ

አፕ አውርጂ እህቴ። ዱዎሊንጎ ነፃ ነው። እንደ ጌም ስለሆነ ሳይታወቅሽ ትለምጂዋለሽ። ማስታወቂያው ይበዛል እንጂ አሪፍ ነው።

የሌሊት ፈረቃ

ይሄን ጥያቄ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለዓመታት የሌሊት ሪሴፕሽን ሠርቻለሁ። እንግሊዝኛ የለመድኩትም እዚያው ወንበር ላይ ነው፣ እንግዳው ሁሉ ከተኛ በኋላ።

ወንድሜ ያለው አፕ ክፉ አይደለም። ግን «ልጁ ፖም ይበላል» እያለ ነው የሚያስተምርሽ። ሪሴፕሽን ላይ ስለ ፖም የጠየቀኝ ሰው የለም።

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። «ወረቀት ላይ ቢጽፍልኝ እመልስለት ነበር» አልሽ። እንግሊዝኛሽ ዓይንሽ ላይ ነው ያለው፤ ጆሮሽ ጋ አልደረሰም። የሁላችንም እንዲያው ነው። ክፍል ሙሉ ተማሪ ሆነን ከሰሌዳ ስንገለብጥ ነው ያደግነው፤ ማን አናግሮን ያውቃል? ስለዚህ የሰዋስው መጽሐፉ አሁን አይጠቅምሽም። የራበው ሌላ፣ የምታበዪው ሌላ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ድምፁ ከነጽሑፉ የሚገኝ ነገር ፈልጊ። ቢቢሲ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የ6 ደቂቃ ፕሮግራም አለ። ድምፁም ጽሑፉም ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛል። እሱ ከፈጠነብሽ የአሜሪካ ድምፅ ለተማሪ ብሎ በዝግታ ያነበባቸው አሉ። በፈረንጆቹ 1959 ሲጀምሩት 1500 ገደማ ቃላት ብቻ ነበር የሚጠቀሙት፣ ለጀማሪ ጆሮ የሚሆን ነው። የሌሊት ፓኬጅ ስለሚረክስ በሱ አውርጂና ስልክሽ ላይ አስቀምጪ።

6 ደቂቃውን ሙሉ አትስሚ። 30 ሴኮንድ ይበቃል። ጽሑፉን ሳታዪ ስሚ፣ አቁሚ፣ የሰማሽውን ደብተር ላይ ጻፊ። ያመለጠሽን ክፍት ተዪው። መልሰሽ ስሚና ክፍቱን ሙዪ። ከዚህ በላይ አልሰማም ሲልሽ ጽሑፉን ከፍተሽ አስተያዪ። ያኔ የሚገርምሽ ነገር አለ። ያመለጠሽ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የምታውቂው ቃል ነው፤ ተጨፍልቆ ነው ያላወቅሽው። «ዲድ ዩ» ብለን የተማርነው በነሱ አፍ «ዲጁ» ይሆናል። «ዋት ዱ ዩ ዎንት» ደግሞ «ዋዳያ ዎንት»። «ካን» የሚለው «ክን» ብሎ ሹልክ ይላል፤ «ካንት» ግን ጎላ ብሎ ነው የሚወጣው። ይቺን ሳትለዪ እንግዳው በካርድ መክፈል እችላለሁ ይበል አልችልም ይበል አታውቂም።

ከዚያ ያንኑ 30 ሴኮንድ ከተናጋሪው እኩል ድምፅሽን አውጥተሽ በዪው። በሹክሹክታ አይሆንም፣ አፍ የሚፈታው ሲጮህ ነው። እኔ ጀነሬተር ክፍል ገብቼ ነበር የምለፈልፈው። ጥበቃው አንድ ነገር ሆኗል ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ሊነግር ነበር አሉ።

ሌላው፣ ሪሴፕሽን ላይ የሚወራው ነገር ብዙ አይደለም። ክፍል አለ ወይ፣ በስንት ነው፣ ቁርስ ይጨምራል ወይ፣ ሙቅ ውሃው ለምን ቆመ፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ ስንት ነው፣ ደረሰኝ ስጪኝ፣ ኤርፖርት የሚያደርስ መኪና ጥሪልኝ። ሐዋሳ ስለሆንሽ ደግሞ አሞራ ገደል በየት ነው፣ ዓሣው ጥሬውን ቢበላ ያማል ወይ፣ ጀልባ በስንት ነው፣ ጉማሬ ይታያል ወይ። አሁን ያለችውን ልጅ አጠገቧ ቆመሽ የሚጠይቋትን ሁሉ በደብተርሽ በግራ ጻፊ። በቀኝ ያንቺን መልስ። መልሱ አጭር ይሁን። ጥናትሽ እሱ ነው፣ ከማንም መጽሐፍ ይበልጥብሻል።

ሁለት ነገር ላይ ግን በጣም ተጠንቀቂ። አንዱ ቁጥር ነው። 15 እና 50 ስልክ ላይ አንድ ይመስላሉ። 15 ላይ ጉልበቱ መጨረሻው ላይ ነው፣ ፊፍ-ቲን፤ 50 ላይ መጀመሪያው ላይ። ስትጠራጠሪ «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብለሽ ነጥለሽ ጠይቂ። ማንም አይስቅብሽም፣ የአየር መንገድ ሰዎችም እንደዚያ ነው የሚሉት።

ሌላው ሰዓት ነው። የኛ 6 ሰዓት የነሱ 12 ነው። «ክፍል የሚለቀቀው ሲክስ ኦክሎክ ነው» ብትዪው እንግዳው በሌሊት ልታስወጪው መስሎት ይደነግጣል። ቁርስ ከ1 እስከ 4 ማለት ለሱ ከ7 እስከ 10 ነው። ሁሉንም በነሱ አቆጣጠር ጽፈሽ ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፊ። ቀኑም እንዲሁ። በስልክ ክፍል የሚይዝ ሰው «ኦክቶበር 5» ሲል መስከረም 25 ማለቱ ነው፤ ከዚያ መስከረም በፊት ያለችው ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች ደግሞ 24። ሁለቱንም የያዘ ካሌንደር ከፊትሽ አይጥፋ።

መስመር 7

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነኝ፣ ስፌት ላይ። ከላይ ያለው ወንድሜ ጥሩ ብሏል፤ አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋሳ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንደ ቢቢሲ አይናገርም። እኛ ጋ ህንዶች አሉ፣ ስሪላንካዎች አሉ፣ ቻይናዎችም አሉ። የመጀመሪያው ሰሞን የስሪላንካው ሱፐርቫይዘር ሲያወራ እንግሊዝኛ መሆኑንም አላወቅኩም ነበር። በኋላ ሳየው እሱም እንደኔ በሆዱ ከራሱ ቋንቋ እየገለበጠ ነው የሚናገረው! ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ዩቲዩብ ላይ የህንድንም የኬንያንም ዜና ስሚ፣ ጆሮሽ በአንድ ዓይነት አፍ ብቻ አይታሰር።

ከማን ጋር ልናገር ላልሽው፦ እኛ ቤት የምንኖረው ሦስት ሴቶች ነን። ከእራት በኋላ ሲዳሙ አፎም ሆነ አማርኛ የተናገረች ሳህን ታጥባለች ብለን ተስማማን። ሳህኑን ሁሌ የማጥበው እኔ ነበርኩ 😂 አንቺ ከልጅሽ ጋር ሞክሪው። ስትስቅብሽ እሷም ትለማመዳለች።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ለ30 ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የሌሊት ፈረቃ ያለውን በአብዛኛው እቀበላለሁ። ሰሌዳ ማስገልበጡንም እኛው ነን ያስለመድነው፣ ወድደን ግን አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል አንድ በአንድ ማናገር አይቻልም ነበር። ሰዋስውን ጭራሽ ተዪው የሚለውን ግን አልስማማበትም። የገዛሽውን መጽሐፍ አትጣዪው። ከዳር እስከ ዳር አትሂጂበት እንጂ የሚያስፈልግሽን ምዕራፍ መርጠሽ አጥኚው።

የቱን ላልሽኝ፣ የትሕትና አነጋገሩን አስቀድሚ። እኛ አክብሮቱን ግሡ ላይ አስረን «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ» ካልን አለቀ። በእንግሊዝኛ «ዩ» ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ነው፤ አክብሮቱ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። «ጊቭ ሚ ፓስፖርት» ብትዪው ቀበሌ የተጠራ ይመስለዋል። «ኩድ አይ ሲ ዮር ፓስፖርት፣ ፕሊዝ?» በዪ። «ዎንት» ያልሽበትን ሁሉ «ዉድ ዩ ላይክ» አድርጊው። እነዚህን ሁለት አጠያየቆች በየሥራሽ አስገብተሽ ብትለማመጃቸው የሪሴፕሽኑን ግማሽ ጨርሰሻል።

ቁልፉን «ሂ»፣ ክፍሉን «ሺ» የምንለውን ልማድ ተዪ፤ ዕቃ «ኢት» ነው። «ዘ» እና «ኤ» የት እንደሚገቡ ብለሽ ግን ራስሽን አታስጨንቂ። ብትስቺም እንግዳው ይረዳሻል፣ ቀስ ብሎ ይስተካከላል።

ቃላት ደግሞ ከመዝገበ ቃላት አትሸምድጂ። ማይክል ዌስት የተባለ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ምሁር በፈረንጆቹ 1953 በጣም ተዘውታሪ የሆኑ 2000 ያህል ቃላትን ዝርዝር አውጥቷል። እነዚያ ብቻ በተለመደ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ቃላት ከ10 ስምንቱን ያህል ይሸፍናሉ። 10ኛ ክፍል ደርሰሽ ከሆነ ብዙዎቹን ታውቂያቸዋለሽ። የሚጎድልሽ የሆቴሉ ናቸው፦ ትራስ፣ ፍራሽ፣ ቧንቧ፣ ሶኬት፣ ቅድሚያ ክፍያ። ዕድሜሽ ብዙውን ጊዜ በእጅሽ ከነካሻቸው ዕቃዎች ጋር አልፏል፣ ስማቸውን ለመያዝ አይከብድሽም።

እስከ መስቀል ይደርስልኛል ወይ ላልሽው፣ ለሪሴፕሽን ሥራ ይደርሳል። ቁጭ ብሎ ስለ ፖለቲካ ለማውራት አይደርስም። ያንን ደግሞ ማንም አልጠየቀሽም።

ከታቦር ሥር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ የፓስፖርቷን ነገር ዛሬ ፎጣ እያጠፍኩ ስለማመዳት ነው የዋልኩት። ሰዎቹ ምን ነካት ብለዋል።

የ30 ሴኮንዱን ትናንት ማታ ሞከርኩት። እውነትም የምታውቂው ቃል ነው ያልከው ልክ ነህ። «ኤ ሎት ኦቭ» የምትለዋን እኮ በሦስት ሙከራ አልሰማኋትም! ልጄም አብራኝ ቁጭ ብላ ስትሰማ እሷም አልሰማችውም፣ በዚያ ደስ አለኝ።

አሁን የሚያስፈራኝ ስልኩ ነው። ፊት ለፊት ከሆነ በእጅም በዓይንም ይግባባሉ። ስልክ ላይ ምንም ካልገባኝ ምንድን ነው የምለው? ዝም ብዬ ልዝጋው?

የሌሊት ፈረቃ

ኧረ እንዳትዘጊ!

ስልክ ላይ ሚስጥሩ ጠያቂዋ አንቺ መሆንሽ ነው። እሱ ዝም ብሎ እንዲያወራ ከተውሽው የት እንደሚሄድ አታውቂም። የሆቴሉን ስም ተናገሪ፣ ከዚያ በተራ ጠይቂ፦ ስም፣ የሚገባበት ቀን፣ ስንት ሌሊት፣ ስንት ሰው፣ ስልክ ቁጥር። አንቺ ጠይቀሽ ከሆነ የሚመጣው መልስ ስም ነው ወይስ ቀን ነው የሚለውን አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ፤ ጆሮሽ እሱን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ጥያቄዎቹን ቅጽ አድርገሽ አሳትሚና ስልኩ ሥር አስቀምጪ።

ስሙን በፊደል እንዲነግርሽ ጠይቂ፣ «ኩድ ዩ ስፔል ዛት፣ ፕሊዝ?»። የፊደሎቹን አጠራር ግን ደግመሽ አጥኚ። «ኤ»፣ «ኢ» እና «አይ» የሚሏቸው ሦስቱ ይምታታሉ፤ «ጂ» እና «ጄይ»ም እንዲሁ። የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢለት። ሲፈጥንብሽ «ስሎውሊ፣ ፕሊዝ» ከማለት «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊዝ?» ይሻላል፤ ሰው ሲደግም ራሱ ዝግ ይላል።

ይሄም ካልሆነ የሆቴሉን ዋትስአፕ ቁጥር ሰጥተሽ «ፕሊዝ ሴንድ ኤ ሜሴጅ» በዪ። ማንበቡ ላይ ማን ይችልሻል?

ከታቦር ሥር

ዋትስአፑን አላሰብኩትም ነበር። ሪሴፕሽን ላይ ያለው የቤት ስልክ ብቻ ነው መሰለኝ። ነገ ሥራ አስኪያጇን ሞባይል ይገዛልን ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ፤ ቅጹንም ጽፌ ላሳያት።