የስደት ሥዕል መጽሐፍ ለኬጂ ልጆች
ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ኬጂ 2 አስተምራለሁ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም ክፍሌ ውስጥ አሉ። ስለ ስደተኞች ያለኝ የሥዕል መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ የውጭ ስለሆነ ጽሑፉን ትቼ ሥዕሉን እያሳየሁ በአማርኛ ተረኩላቸው። ጀልባዋን የሐይቃችን ታንኳ መስላቸው ሳቁ፤ ይሳቁ፣ ግድ የለም። ችግሩ እናትየው ልጇን አዝላ ቤቷን ጥላ የምትወጣበት ገጽ ላይ ነው። አንዱ ወደ ተፈናቃይ ጓደኛው ጠቁሞ «እንደሱ!» አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ አሁን መጽሐፉን ሳወጣ ጥግ ይይዛል። በንጉሥ ነጃሺ ዘመን ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሐባዎች (የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች) ታሪክ ስነግራቸው ግን እሱም ጭምር ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል፤ ለዚያ ደግሞ ሥዕል ላሳይ አልችልም፣ ሶሐባ አይሣልም። መጽሐፉን መተው አልፈልግም። ተፈናቃዮቹ ልጆች ላይ ጣት ሳይቀሰር ያንን ገጽ እንዴት ላንብብላቸው?