ለወጣቶች የአመራር ጉባኤ ዝግጅት፦ የቱን ላስቀድም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ውጭ አገር በሚካሄድ የአመራር ጉባኤ ላይ በተወካይነት ልሳተፍ ነው፤ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ከጉዞ ወረቀትና እዚያ ከማቀርበው ንግግር የቱ ይቅደም?

መልስ 1፦ ወረቀት፣ ያለ ጥርጥር። ብዙ አገሮች ፓስፖርትህ ቢያንስ 6 ወር ቀሪ ጊዜ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። በግብዣ ደብዳቤው ላይ ያለውን ስምህን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ወጪህን ማን እንደሚሸፍን ካልተጻፈ ደግሞ ዛሬውኑ አስጽፍ።

መልስ 2፦ ለንግግሩ 3 ደቂቃ ከተሰጠህ ለ2 ደቂቃ ተኩል ጻፍ፤ ሰዓት ሲያልቅ ማይኩን ሊዘጉብህ ይችላሉ። አስተርጓሚ ካለ ጽሑፉን ቀድመህ ላክለት። ቁጥርና የተቋም ስም ላይ ዝግ በል፤ በጥድፊያ የሚያመልጡት እነሱ ናቸው።

መልስ 3፦ ንግግሩን እኮ አጋነናችሁት! ዋናው ረቂቅ መግለጫው ነው፤ ማለትም ጉባኤው መጨረሻ ላይ የሚያጸድቀው ጽሑፍ ረቂቅ። «ወጣቶች ይሳተፉ» የሚል ልል ሐረግ ካየህ አንቀጹን ጠቅሰህ «በየኮሚቴው ድምፅ ያላቸው 2 ወጣቶች ይኑሩ» ብለህ ምትኩን በጽሑፍ ያዝ። በቃል ብቻ የተባለ ማሻሻያ አርቃቂዎቹ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! ረቂቁ ግን አልደረሰኝም።

መልስ 3፦ አዘጋጆቹን ጠይቅ፤ ማሻሻያ የሚቀበሉበትን የመጨረሻ ቀንም አብረህ።