ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ ነው?

ሰኞ ገበያ፦ ጠዋት ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ገብቼ «ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎም አላየኝ። «የምች ቫይረስ ነው፣ አሁን ተደርሶበታል» ብሎ አንድ እሽግ አሲክሎቪር የሚባል የቫይረስ መድኃኒት ቆጠረልኝ። አፍሽን ክፈቺ የለ፣ ሐኪም አይቶሻል ወይ የለ። እዚህ ስንት የጤና ሰው አለ፣ እውነት ነው ወይስ ተጫወተብኝ?

የሆጤ ልጅ፦ ልጁ ከሜዳ አንስቶ አልተናገረም። የሳውዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የድድ በሽታ ተመራማሪ ዮርገን ስሎትስ በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚሟገትበት ነገር ነው። ድድ ከጥርስ ተላቆ ኪስ ሲሠራ፣ እዚያ ኪስ ውስጥ ሳይቶሜጋሎ እና ኤፕስታይን ባር ቫይረሶች ተገኝተዋል። ሁለቱም የምቹ ቫይረስ ዘመዶች ናቸው፣ የሄርፒስ ቤተሰብ። ተገኝተዋል!

ሲስተር ዘ፦ «ተገኝተዋል»! ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ ነው?

የሆጤ ልጅ፦ ሲስተር ቀልዱን ተይና መልሽ።

አያ ሙሄ፦ ሲስተርን አንቺ አትበላት፤ አንተን ሳታዋልድህ አትቀርም።

የሆጤ ልጅ፦ እሺ አያ። ሲስተር፣ ይመልሱልኝ።

ሲስተር ዘ፦ ቀልድ አይደለም ልጄ። ኤፕስታይን ባር ከ10 አዋቂ 9ኙ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ መኝታው ነጭ የደም ሴል ነው። ድድ ሲቆጣ ነጭ ሴል ወደዚያ ይጎርፋል፣ ቫይረሱም ታዝሎ ይመጣል። ለቀስተኛ ነው አልኩህ እኮ።

ኮምቦልቻ 033፦ ለቀስተኛው ቤቱን ቢያቃጥልስ? ስሎትስ ባክቴሪያ የለበትም አላለም። ቫይረሱ ሲነቃ የድዱ መከላከያ ይዳከማል፣ ያን ጊዜ ባክቴሪያው ይፈነጫል፤ ተጋግዘው ነው ድዱን የሚበሉት ነው ያለው።

የሆጤ ልጅ፦ አላህ ይስጥህ!

ሲስተር ዘ፦ ሲያቃጥል ያየው ማነው? አብረው መታየታቸውን ነው ያየነው። ቫይረሱን ብዙም ያላገኙ ጥናቶችም እኮ አሉ፣ እነሱን ማን ያነሳቸዋል።

መድኃኒት ቤት፦ እኔ የማላልፈው አሲክሎቪሩን ነው። ቫይረስ ነው እንበል። ሳይቶሜጋሎ ላይ አሲክሎቪር ይህ ነው የሚባል ጉልበት የለውም። የተኛውን ቫይረስ ደግሞ ጭራሽ አይነካም፣ የሚይዘው ሲባዛ ብቻ ነው። ታዲያ ያ ልጅ የሸጠላት ለየትኛው ለቀስተኛ ነው?

ጦሳ ማዶ፦ እናቴ ምች ሲመታን ዳማከሴ ጨምቃ ትሰጠን ነበር። መፋቂያዋ ደግሞ ከአፏ አይጠፋም። ድዷን ብታዩት ዛሬም ሮማን ነው።

ኮምቦልቻ 033፦ የደሴ ሰው ሁሉን ነገር በዳማከሴ ይጨርሳል።

ጦሳ ማዶ፦ የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ሙቀቱ ነው መሰል ሁሉን ቫይረስ ይላል።

ሲስተር ዘ፦ የምቹ ቫይረስ ድድ ላይ በግልጽ ሲሠራ አይቻለሁ፣ ሕፃን ላይ ነው። አንዲት እናት የ2 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ለሃጩ ደረቱን አርሶት፣ ድዱ እንደ በርበሬ ቀልቶ አብጦ፣ ምላሱ ላይ ትናንሽ ቁስል፣ ትኩሳቱ ሌላ፤ ጡት እንኳ እንቢ ብሏል። እሱ በ2 ሳምንት ገደማ ይድናል። የአዋቂውን ጥርስ የሚያነቃንቀው ሌላ ነው። ሳይጸዳ ከርሞ ድንጋይ የሆነው ቆሻሻ፣ ሲጋራው፣ ስኳር በሽታው።

የሆጤ ልጅ፦ ናይጄሪያስ? በፈረንጆቹ 1997 በታተመ ጥናት፣ በምግብ እጥረት የተጎዱና ድዳቸው የሞተ ሕፃናት ላይ የሄርፒስ ቫይረሶች ተገኝተዋል።

ሲስተር ዘ፦ ደግሞ «ተገኝተዋል»። ርሃብም ተገኝቷል። ርሃቡን ለምን አትከሰውም?

ኮምቦልቻ 033፦ ርሃቡ በር ከፈተ፣ ቫይረሱ ገባ። ሁለቱንም መክሰስ ይቻላል።

አያ ሙሄ፦ የጥርስ ድንጋዩ ሲነሳ ቫይረሱም ይቀንሳል የሚሉ አሉ አይደል? እንግዲህ ድንጋዩ ነበር የያዘው ማለት ነው።

የሆጤ ልጅ፦ አያ፣ ይኸማ ለኔ ነው የሚመሰክረው! ቫይረሱ ሲቀንስ ድዱ ዳነ።

ሲስተር ዘ፦ ድንኳን ሲፈርስ ለቀስተኛ ይበተን የለ?

ኮምቦልቻ 033፦ ሲስተር ከዚህ ለቅሶ ቤት መቼ ነው የሚወጡት?

ሰኞ ገበያ፦ ኧረ እኔ የጠየቅኩት ልዋጠው ወይስ ልመልሰው ነው!

መድኃኒት ቤት፦ አትዋጪው። ጥርስ ሐኪም ጋ ሂጂና ኪሱን ይለካልሽ፣ ጥርስሽም ይታጠብ።

ሰኞ ገበያ፦ ልመልስ ሄጄ ነበር። መስታወቱ ላይ «የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም» የሚል ለጥፈዋል።

የሆጤ ልጅ፦ በስንት ትሸጪልኛለሽ? ከትናንት ጀምሮ ከንፈሬን ምች መትቶኛል።

ጦሳ ማዶ፦ ዳማከሴ በነፃ አለ ብያለሁ።